ካሜራው በዓሣ ነጋዴ ሴቶች እጅ፦ የአሳታፊ ዘጋቢ ፊልም አሠራር ከመጀመሪያው ውይይት እስከ ወረዳ አዳራሽ

ስለ ዓሣ የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ሐይቅ ላይ ይጀምራሉ። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ይንቀሳቀሳል፤ አስጋሪው መረቡን ይስባል፤ አሞራ ያንዣብባል። ዓሣው ወደ ዳር ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ግን በጥቂት ሰከንድ ታይቶ ያልፋል። ቅርፊት የምትፍቀው፣ ሆድ ዕቃ የምታወጣው፣ ፊሌቶ የምታዘጋጀው፣ ጠብሳ የምትሸጠው ሴት ከበስተጀርባ ትቀራለች። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያለው ሥራ አብሮ ሲቆጠር ከዘርፉ ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ግማሹን ሥራ የማያሳይ ፊልም ስለ ዓሣ ሀብት የሚሰጠው ግንዛቤም ግማሽ ነው። ከዚያ ግንዛቤ ተነሥቶ የሚታቀድ ድጋፍ ደግሞ መረብና ጀልባ ይገዛል፤ ሚዛን፣ በረዶና የውኃ ቧንቧ ይረሳል።

ይህ መመሪያ በመሀል አዲስ አበባ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በመርካቶ አካባቢ ሆነው ከዓሣ ነጋዴ ሴቶች ጋር መሥራት ለሚፈልጉ ነው፦ ለኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች፣ ለወጣት ማኅበራት፣ ለፊልም ተማሪዎችና ለማኅበራዊ ሠራተኞች። አዲስ አበባ ሐይቅ የላትም። ነገር ግን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከባቱ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከጣና የሚነሣው ዓሣ ትልቁን ገበያ የሚያገኘው እዚህ ነው። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ያለችው ሴትና በፒያሳ ያለችው ሴት ሳይተዋወቁ በአንድ ሰንሰለት ታስረዋል። ሁለቱን በካሜራ ማገናኘት ከዚህ ከተማ መጀመር ይችላል።

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። ካሜራ ለሴት ማስያዝ ብቻውን አቅም አይሰጥም። አቅም የሚመጣው ምን እንደሚቀረጽ፣ ምን እንደሚቆረጥና ማን እንደሚያየው የምትወስነው እርሷ ስትሆን ነው፤ አሳታፊ ዘጋቢ ፊልም የሚባለውም ይህ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሚሠራው የተለመደ ፊልም ነው፤ ልዩነቱ ሴቶቹ ዕቃ መሸከማቸው ብቻ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስት ውሳኔዎች በሴቶቹ እጅ ለማቆየት የታሰበ ነው።

ሥራው ከየት መጣ

የአሠራሩ መነሻ ራሱ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ራቅ ብላ በምትገኘው በፎጎ ደሴት የሚኖሩ አስጋሪዎች፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቀያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባለሙያ ኮሊን ሎው ከሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በደሴቲቱ 27 አጫጭር ፊልሞችን ሠራ። የተቀረጹት ሰዎች ፊልሙ ለሌላ ከመታየቱ በፊት አስቀድመው ያዩት ነበር፤ ያልወደዱትንም ማስወጣት ይችሉ ነበር። በየመንደሩ ተለያይተው የሚኖሩት ነዋሪዎች አንዱ የሌላውን ችግር በፊልም ተመለከተ። ፊልሞቹ ለባለሥልጣናት ታዩ፤ የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ መልስም ተቀርጾ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰ። ነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ከደሴታቸውም አልተነሡም።

በፎጎ ካሜራውን የያዙት ግን አሁንም ባለሙያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 በህንድ አህመዳባድ ከተማ፣ በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር የሆነው ሴዋ የራሱን የቪዲዮ ቡድን አቋቋመ። ከሠልጣኞቹ መካከል አትክልት ሻጮች ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችሉም ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ስለ ገበያቸውና ስለ ሥራቸው ራሳቸው ቀረጹ፣ ራሳቸው አሳዩ። «የእኛ ሴቶች አልተማሩም፤ ካሜራ እንዴት ይችላሉ?» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱት። የዚያን ጊዜው የቪዲዮ ካሜራ ደግሞ ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ እጅግ የከበደና የተወሳሰበ ነበር።

1. ጊዜውንና ሰዎቹን ምረጡ

ከሁሉ በፊት የገበያውን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ዓሣ በዐቢይ ጾም በጣም ይፈለጋል፤ ረቡዕና ዓርብም ሻጮቹ ፋታ የላቸውም። በሁዳዴ ሠልጥኑ ብሎ ሴቶችን መጥራት የዓመቱን ዋና ገቢያቸውን መቀማት ነው። በአንጻሩ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ገበያው ይቀዘቅዛል። ሥልጠናውን እዚያ አስገቡት። ክረምቱ ሲገባ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ መቅረጽን ስለሚከለክል፣ ቀረጻው ከሐምሌ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ቅንብሩን ግን ክረምት ላይ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሴቶች ይበቃሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ። ሱቅ ያላት፣ ሳፋ ይዛ በመንገድ ዳር የምትሸጥ፣ ጠብሳ የምታቀርብ፣ በቀን ክፍያ ቅርፊት የምትፍቅ፤ እነዚህ አንድ ገበያ ውስጥ ቢሆኑም ጥቅማቸው ሁልጊዜ አይገጥምም። ባለ ሱቋ ብቻ ከተናገረች የመንገድ ዳሯ ሴት እንደ ችግር ትቆጠራለች። ከባቱ ወይም ከሐዋሳ ሴቶች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እዚያ ተመሳሳይ ቡድን ይኑር። በሐዋሳ የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የሚያዘጋጁና የሚያበስሉ ሴቶች በቀላሉ ይገኛሉ፤ ለጎብኚ ካሜራ ስለለመዱ ግን ሲያዩአችሁ ለፎቶ ፈገግ እንዳይሉ ረዘም ያለ ጊዜ ስጧቸው።

ሥልጠና የሚወስዱበት ሰዓት ገቢ የሚያጡበት ሰዓት ነው። የቀን ገቢያቸውን የሚተካ አበል፣ ምሳና የትራንስፖርት ወጪ ለሁሉም እኩል፣ በግልጽ፣ ሁሉም ባሉበት ይከፈል። ሕፃናትን የሚጠብቅ ሰው ካልመደባችሁ ደግሞ የሚቀሩት ወጣት እናቶች ናቸው፤ የፊልሙን ብርታት የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

2. በሩን በትክክል አንኳኩ

ከወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። በገበያ መካከል ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ሰው ወዲያው ይጠየቃል፤ ደብዳቤው ያን ጊዜ ሴቶቹን ይጠብቃል። መንግሥታዊ ሕንፃዎችንና የጸጥታ አካላትን ከምስሉ ውስጥ አታስገቡ። በሐይቁ በኩልም የአካባቢው ወረዳና የአስጋሪዎች ማኅበር ማወቅ አለባቸው።

ደብዳቤ ግን ከሰው ጋር አያስተዋውቅም። የእድራቸውን ዳኛ፣ የእቁባቸውን ሰብሳቢ፣ በገበያው የምትከበረውን አንጋፋ ሴት ቀድማችሁ አግኙ። ባሎችም ቢሆኑ ጉዳዩን ከሚስቶቻቸው አፍ እንጂ ከሰፈር ወሬ መስማት የለባቸውም፤ እያንዳንዷ ሴት ለቤተሰቧ እንዴት እንደምትነግር ራሷ ትወስን። አንዳንዷ በቤቷ ጸብ ያስነሣብኛል ብላ ልትቀር ትችላለች። አትግፏት፤ ድምፅ በመቅረጽ ወይም በቅንብር ብቻ መሳተፍ የምትችልበት ቦታ እንዳለ ንገሯት።

3. መሣሪያ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ አታጥፉ። ሁለት ደኅና ስልኮች፣ አንድ የስልክ መቆሚያ፣ ከልብስ ጋር የሚሰካ ማይክራፎን፣ ሁለት የኃይል ማጠራቀሚያ ባትሪዎችና ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይበቃሉ። ገንዘብ ከተረፈ ለማይክራፎኑ ጨምሩ። ደብዛዛ ምስል ያለው ፊልም ይታያል፤ ንግግሩ የማይሰማ ፊልም ግን አይታይም።

ስልኩ ወደ ጎን ተይዞ ይቀረጽ፤ ሲቀረጽ የአውሮፕላን ሁነታው ይከፈት፤ አለበለዚያ በመሀል ጥሪ ይገባል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዑደት ስለሚሠራ፣ በሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ ስልኩን በሰከንድ 25 ምስል ላይ አድርጉት፤ ምስሉ እንዳይርገበገብ ይረዳል። የአንድ ሰዓት ቀረጻ በሙሉ ኤችዲ ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል።

4. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። አንዷ ስልኩን ትይዝና አጠገቧ ያለችውን ትቀርጻለች፤ የምትቀረጸው ስሟንና ዛሬ ጠዋት የሠራችውን አንድ ነገር ትናገራለች፤ ከዚያ ስልኩ ወደ ቀጣይዋ ያልፋል። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ወዲያውኑ በስክሪን ይመለከቱታል። ሳቅ ይበዛል፤ የራሷን ድምፅ ሰምታ የምታፍር ትኖራለች። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሁሉም ቀርጻለች፣ ሁሉም ተቀርጻለች፤ ፍርሃቱ በዚሁ ይቀንሳል።

በሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዷ የሥራ ዕቃዋን ይዛ ትምጣ። ቢላዋ፣ ሚዛን፣ ሳፋ፣ መጥበሻ። ጓደኛዋ ዕቃውን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከመካከለኛ ርቀት፣ በመጨረሻ ከቅርብ ትቅረጸው። ስለ ቀረጻ ርቀት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም፤ ምክንያቱም ባለ ዕቃዋ ስለ ቢላዋዋ ስታወራ ሳታስበው ስለ ሕይወቷ ትናገራለች።

አንድ ሕግ አጥብቃችሁ ጠብቁ፦ አሠልጣኙ ስልኩን አይነካም። አንዷ ስትሳሳት የሚያርማት ቀድማ የተማረችው ናት። እንዲሁም ካሜራ፣ ድምፅ፣ ጠያቂና አዘጋጅ የሚባሉት ሥራዎች በየቀኑ ይቀያየሩ። አለበለዚያ የተማረችውና በዕድሜ የምታንሰው ስልኩን ይዛ ትቀራለች፤ እትዬዎቹ ደግሞ ተመልካች ይሆናሉ። ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ በመልካም ፈቃድ ብቻ አይስተካከልም፤ የተራ ዝርዝር በግድግዳ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል።

5. የዓሣውን መንገድ ሳሉ

የፊልሙ ጉዳይ የሚወለደው እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ወለል ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርጉ። ከአንዱ ጫፍ ሐይቁ፣ ከሌላው ጫፍ የሚበላው ሰው ሳህን ይሳል። በመካከል ዓሣው የሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ይግቡ፦ የሐይቁ ዳር፣ ሰብሳቢው ነጋዴ፣ በረዶ የጫነው መኪና፣ አከፋፋዩ፣ ሱቁ፣ ሳፋው፣ መጥበሻው። ጽሑፍ አያስፈልግም፤ በሥዕል፣ በባቄላና በጠጠር ይሠራል። ከዚያ ሦስት ነገሮችን በየቦታው አስቀምጡ። ማን ነው የሚሠራው፣ ወንድ ወይስ ሴት? በዚያ ቦታ የአንድ ኪሎ ዋጋ ስንት ነው? ዓሣው ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ክፍሉን ጸጥ ያደርገዋል። ዋጋውን የሚወስነው አንድ ሰው፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ሌላ ሰው መሆኑ በሥዕሉ ላይ ይወጣል። ዓሣ በሞቃት ቦታ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ፣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ያህል በረዶ ያስፈልጋል። በረዶ የማታገኘው የመጨረሻዋ ሻጭ ከመምሸቱ በፊት በወረደ ዋጋ ለመሸጥ ትገደዳለች። ይህንን ሁሉም ሴቶች በየግላቸው ያውቁታል፤ በአንድ ወረቀት ላይ በጋራ ሲያዩት ግን ወደ ጥያቄ ይቀየራል።

ሌላው በዚህ ሥዕል የሚታየው የፊሌቶ ሒሳብ ነው። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ገዢው ግን የሙሉውን ዓሣ ዋጋና የፊሌቶውን ዋጋ አወዳድሮ ሻጯን ያማርራል። ይህን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ ቅረጹት፦ ሙሉ ዓሣ በሚዛን ላይ፣ ቁጥሩ በቅርብ ይታይ፤ ከዚያ የምትፍቀው እጅ፣ ቢላዋው፤ ከዚያ ፊሌቶው በዚያው ሚዛን ላይ። አንድ ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ይረዳል። እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ማስረጃዎችን የያዘ ፊልም ከረጅም ሮሮ ይልቅ ይሠራል።

በመጨረሻ ሴቶቹ አንድ ጉዳይ ይምረጡ። አንድ ብቻ። ችግሮቹን በሥዕል አስቀምጣችሁ እያንዳንዷ ሦስት ባቄላ ይዛ በምትፈልገው ላይ ታኑር። ምርጫው እናንተ ከጠበቃችሁት ውጭ ሊሆን ይችላል። እናንተ ስለ ሐይቁ መመናመን መሥራት ትፈልጋላችሁ፤ እነርሱ ስለ መጸዳጃ ቤት። ስለ መጸዳጃ ቤት ሥሩ። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንደሚባለው፣ ጩኸቱ የራሳቸው ካልሆነ ነገ ወረዳ ፊት ቆመው አይከራከሩለትም።

6. ፈቃድና ጥንቃቄ

ፈቃድ መጀመሪያ ቀን የሚፈረም አንድ ወረቀት አይደለም። ቢያንስ አራት ጊዜ ይጠየቃል፦ ከመቅረጽ በፊት፣ ቀረጻውን ካዩ በኋላ፣ የተቀናበረውን ካዩ በኋላና ከየማሳያው በፊት። ማንበብ ለማትችል ሴት ወረቀቱ ይነበብላት፤ ፈቃዷንም በድምፅ ትቅዳ። በወረዳ አዳራሽ መታየትና በዩቲዩብ፣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም መለቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፈቃዱም ለየብቻ ይጠየቅ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ምስልና ድምፅ መያዝ የሕግ ኃላፊነትም አለበት፤ የፈቃድ ቅጾቹን በጥንቃቄ አስቀምጡ።

ከሁሉም የምታሳስበኝ የንግድ ፈቃድ የሌላት የመንገድ ዳር ሻጭ ናት። ችግሯን ስትናገር የሚያሳየው ምስል በዚያው ያለ ፈቃድ ስትሸጥ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። ፊቷን መሸፈን ብቻ አይበቃም። ድምፅዋ፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ቀለበቷ፣ ነጠላዋ፣ ከኋላዋ ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ያሳውቃታል። ከተጠራጠራችሁ እጇንና ሥራዋን ብቻ ቅረጹ፤ ታሪኳን ሌላ ሴት በራሷ ድምፅ ትተርከው። የደንብ አስከባሪዎችን ወይም ደላሎችን በድብቅ አትቅረጹ። ፊልሙ ከታየ በኋላ በዚያው ገበያ የሚቀሩት ሴቶቹ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

7. ቀረጻ

በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከላይ ስለምትወርድ ከሻሽና ከነጠላ ሥር ያለ ፊት ይጨልማል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊትና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቅረጹ፤ በመካከል ጥላ ፈልጉ። ለዓሣ ገበያ ይህ ከሥራው ጋር ይስማማል፤ ጭነቱ የሚራገፈው በማለዳ ነው።

ድምፁ ከባዱ ነው። የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ ጄኔሬተር፣ የግንባታ ማሽን አይቆምም። ቃለ መጠይቁን ከገበያው ወጣ ብሎ፣ መጋረጃና ፍራሽ ባለበት ክፍል አድርጉ፤ የገበያውን ምስል ለብቻ ቅረጹና በላዩ አድርጉት። በየቦታው ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ የአካባቢውን ድምፅ ቅዱ። ቅንብር ላይ ንግግር ሲቆራረጥ ክፍተቱን የሚሞላው እርሱ ነው።

አጠያየቁ በባህላችን ወግ ይሁን። ወጣቷ ጠያቂ ታላቋን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ትበል፤ ከሰላምታው ትጀምር። «ለምን አልተደራጃችሁም?» የሚለው ጥያቄ ወቀሳ ይመስላል፤ መልሱም ምክንያት መደርደር ይሆናል። «እስቲ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ያለውን ያጫውቱን» ሲባል ግን ታሪኩ ራሱ ይመጣል። ካለቀሰች ካሜራውን ዝቅ አድርጉ፤ መቀጠል አለመቀጠሏን የምትወስነው እርሷ ናት።

በሐይቁ በኩል ያለው ቡድንም በዚያው ሳምንት ይቅረጽ። ለዚህ የቪዲዮ ደብዳቤ የሚባለውን መንገድ እመርጣለሁ። የባቱ ሴቶች ዓሣውን በስንት እንደሸጡት፣ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሄደ፣ በረዶ እንዳገኙና እንዳላገኙ ቀርጸው ይልካሉ። የፒያሳ ሴቶች አይተው በስንት እንደገዙት፣ ምን ያህሉ እንደተበላሸ ቀርጸው ይመልሳሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተላላኩ በኋላ በመካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለሁለቱም ይገለጣል። ያን ጊዜ በጋራ ማቀዝቀዣ ስለመግዛት ወይም በቀጥታ ስለመገበያየት ማንም ሳይነግራቸው ማውራት ይጀምራሉ።

በየምሽቱ ቀረጻው ወደ ሁለቱም ሃርድ ዲስኮች ይገልበጥ። አንደኛው በሴቶቹ ገንዘብ ያዥ እጅ፣ እንደ እድር መዝገብ ተቆልፎ ይቀመጥ።

8. ቅንብር

ብዙዎቹ አሳታፊ የተባሉ ሥራዎች የሚከዱት እዚህ ነው። ሴቶቹ ቀርጸው ወደ ገበያቸው ይመለሳሉ፤ አንድ ባለሙያ ቦሌ ባለ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ይቀምረዋል። የሚወጣው ያማረ ፊልም ነው፤ የእነርሱ ግን አይደለም።

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት አቀናብሩ። ከእያንዳንዱ ጠቃሚ ቀረጻ አንድ ምስል አትማችሁ በካርድ ላይ ለጥፉት። ካርዶቹን ግድግዳ ላይ ደርድሩና ሴቶቹ ያንቀሳቅሷቸው። «ይህ ይቅደም»፣ «ይህቺ ሁለት ጊዜ ተናገረች»፣ «ባሌ ይህን ካየ አይወድም፤ ይውጣ» ይባላል። ክርክሩ ይረዝማል፤ ይርዘም። በዚያ ክርክር ውስጥ ስለ ራሳቸው ሕይወት በአደባባይ ምን እንደሚባል እየወሰኑ ነው፤ ይህን ዕድል ብዙዎቹ ከዚህ በፊት አላገኙትም።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቅንብር ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በስልክ ከሆነ ካፕካት የተባለው መተግበሪያ ይበቃል። ቴክኒኩን የሚያውቀው ሰው ቁልፉን ይጫን፤ ሁለት ሴቶች በተራ አጠገቡ ይቀመጡ። በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር አይጨመር፤ ያለው ሳይጠየቅ አይወጣ። ርዝመቱ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይሁን፤ ባለሥልጣን ከዚያ በላይ አይቀመጥም። የባቱ ሴቶች አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ከሆነ ከሥር ጽሑፍ አታድርጉ፤ ብዙዎቹ ተመልካቾቻችሁ አያነቡትም። ከፒያሳ ቡድን አንዷ ሴት ንግግሩን በአማርኛ ታስተርጉም፤ የዋናዋ ድምፅ ግን ከሥር ይሰማ። የታወቀ ዘፈን አትጠቀሙ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የገበያው ድምፅ ይበቃል።

የፊልሙ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ገቢ ካስገኘ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ድጋፍ የሰጠ ድርጅት ቆርጦ መጠቀም እንደማይችል እዚሁ ላይ በጽሑፍ ይፈረም። በኋላ እንፈራረማለን የተባለ ውል ብዙ ጊዜ ሳይፈረም ይቀራል።

9. ማሳየት

ቅደም ተከተሉ አይዛባ። በመጀመሪያ ሴቶቹ ብቻቸውን ያዩታል፤ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ ይወያያሉ። በዚህ ጊዜ አንዷ እንኳ «ይህ ይውጣ» ካለች ይወጣል። ቀጥሎ ቤተሰብና የገበያ ጎረቤት። የእድር ድንኳን፣ ነጭ አቡጀዲና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃሉ፤ መብራት ስለሚጠፋ መጠባበቂያ ኃይል ያዙ። የሐይቁ ቡድንም በራሱ ሰፈር ያሳይ።

ከዚያ ባለሥልጣናቱ። ትልቅ ቲያትር ቤት ተከራይቶ ማስመረቅ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጋዜጠኛና የአበባ እቅፍ በበዛበት ቦታ ማንም ቃል አይገባም። የወረዳው አዳራሽ ይሻላል። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ፣ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች በደብዳቤ ይጠሩ። ሴቶቹ ፊልሙን ያስተዋውቁ፤ ሲያልቅ አንዷ ተነሥታ አንድ የተወሰነ ነገር ትጠይቅ። «ድጋፍ ይደረግልን» ማለት መልስ የለውም። «ዓሣ የምናጥብበት ቦታ አንድ የውኃ ቧንቧና የፍሳሽ መውረጃ ይግባልን፤ መቼ ይገባል?» ሲባል ግን ኃላፊው ቀን መናገር ወይም ምክንያት መስጠት አለበት። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ይፈረም። ኃላፊው ከፈቀደ መልሱ ይቀረጽና ልክ በፎጎ እንደተደረገው አዳራሽ ላልመጡት ሴቶች ይታይ።

10. ከዚያ በኋላ

ስልኮቹና ሃርድ ዲስኮቹ ከሴቶቹ ጋር ይቅሩ። መሣሪያውን ሰብስቦ የሚሄድ ፕሮጀክት ያስተማረውንም ይዞ ይሄዳል። ቡድኑ በወር አንድ ቀን ይገናኝ፤ አዲስ ሴቶችን የሚያሠለጥኑት የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ። አንዷ ፈቃዷን መልሳ ልትወስድ ብትፈልግ ማንን እንደምታናግር ይታወቅ፤ ፊልሙ በበይነ መረብ ላይ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት የቡድኑ ሴቶች ይያዙት፤ እንዲወርድ ስትጠይቅም በዚያው ቀን ያውርዱት።

በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ቀን ሲደርስ ሁለት ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ወደ ቦታው ይሂዱ። ቧንቧው ከገባ ውኃው ሲወርድ ይቅረጹና ለባቱ ጓደኞቻቸው ይላኩ። ካልገባ ባዶውን ቦታ ይቅረጹ፤ ሁለተኛውንም ፊልም ከፈረመው ኃላፊ ቃልና ከዚያ ቀን ጀምሩ።